«ያላደገ ይሞታል» ወይስ «ዛፍ ሰማይ አይነካም»? ስለ ዕድገት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በሐዋሳ ከተማ የሚገኝ አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ማኅበራችን በ60 አባላት ተመሥርቶ ላለፉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ዛሬ 480 አባላት ደርሷል። የሥራ አመራር ኮሚቴው በየዓመቱ 40 በመቶ ዕድገት የሚያስብ የአሥር ዓመት ዕቅድ ለጠቅላላ ጉባኤው ሊያቀርብ ነው። አንድ አባላችን ‹ያላደገ ይሞታል፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ እንዲያውም 40 በመቶ አንሷል› ይላሉ። ሌላው ደግሞ ‹ዛፍ ሰማይ አይነካም፤ የያዝነው ይበቃናል› ብለው ይከራከራሉ። በተፈጥሮና በሰው ኅብረተሰብ ውስጥ ዕድገት በእርግጥ እንዴት ነው የሚሠራው? ከዚያ ተነሥተን ስለ ዕቅዱ ምን እንወስን?»

የሥነ ምኅዳር ባለሙያ ምላሽ፦

ሁለቱም አባላት ተፈጥሮን ምስክር አድርገው ጠርተዋታል፤ ነገር ግን ቃሏን የሰሙት በግማሽ ነው። «ያላደገ ይሞታል» የሚለው አባባል በመጠን መጨመርንና በሕይወት መቆየትን እንደ አንድ ነገር ይቆጥራል። የሰው ቁመት በጉርምስና ማብቂያ፣ የረጃጅም አጥንቶች ማደጊያ ጫፎች ሲደድሩ ይቆማል፤ ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ አንድ ጣት እንኳ ሳይረዝም ሃምሳና ስድሳ ዓመት ይኖራል። በነዚያ ዓመታት ሰውነቱ ሥራ አይፈታም፤ አንድ ቀይ የደም ሕዋስ የሚቆየው 120 ቀን ያህል ስለሆነ ደሙ ያለማቋረጥ ይታደሳል፣ ቆዳው ይለወጣል፣ ቁስሉ ይሽራል። ለሕይወት የሚያስፈልገው ይህ መታደስ ነው፤ መጠን መጨመር የአንድ የዕድሜ ክፍል ሥራ ነው።

«ዛፍ ሰማይ አይነካም» የሚሉት አባል ደግሞ እውነት ተናግረዋል፣ የተናገሩት ግን ለውሳኔ አይበቃም። እስከ ዛሬ የተለካው እጅግ ረጅም ዛፍ በካሊፎርኒያ የሚገኝ ሲሆን ቁመቱ ከ115 ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። ዛፍን ከዚያ በላይ እንዳይሄድ ከሚይዙት ነገሮች ዋነኛው ውኃን ከሥር እስከ ጫፍ ቅጠል የመሳብ ችግር ነው፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር የውኃው ዓምድ የመበጠስ አደጋው ይጨምራል፣ የላይኛው ቅጠልም ይጠማል። የእናንተ ማኅበር ግን ውኃ አይስብም። ወሰን እንዳለው የታወቀ ነው፤ የትኛው እንደሆነና በስንት አባል ላይ እንደሚገኝ ከዛፍ መማር አይቻልም። ጉባኤው ሊነጋገርበት የሚገባው ይኸው ነው፤ «እንደግ ወይስ ይብቃን» የሚለው ክርክር ግን ከዚህ ያርቃችኋል።

አስቀድሞ ስሌቱ ይታይ። አንድ ነገር እጥፍ ለመሆን ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ለማወቅ 70ን ለዓመታዊው በመቶኛ ማካፈል የተለመደ አቋራጭ ነው፤ በዓመት 7 በመቶ የሚያድግ በ10 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። አቋራጩ የሚያገለግለው ለአነስተኛ መጠኖች ሲሆን፣ በ40 በመቶ ሲታደግ እጥፍ ለመሆን የሚፈጀው ጊዜ ከ2 ዓመት ትንሽ ይበልጣል። በዚህ መሠረት 480 አባላት በ10 ዓመት ውስጥ ወደ 13,900 ገደማ ይደርሳሉ። «40 በመቶ አንሷል» የሚሉት አባል እንደሚመኙት ያለፈው ፍጥነት ቢቀጥል ደግሞ የአባላቱ ብዛት በ8ኛው ዓመት መጨረሻ 122,880፣ በ9ኛው 245,760 ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሐዋሳ ከተማ ነዋሪ ከነሕፃናቱ 157 ሺህ ያህል ነበር። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ብታድግም፣ በየዓመቱ እጥፍ መሆን ለየትኛውም ከተማ ሕዝብ ፈጥኖ የሚያልቅበት ሩጫ ነው።

እዚህ ላይ በተግባር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። እየተባዛ የሚሄድ ነገር ወሰኑ ጋ የሚደርሰው በድንገት ነው፤ ምክንያቱም የመጨረሻው እጥፍ ከዚያ በፊት የነበረውን ሁሉ ያህላል። በ2004 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ላይ የታየው እምቦጭ በሞቀና ማዳበሪያ በበዛበት ውኃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን የሚችል አረም ነው። በዚህ ፍጥነት ቢሄድ አንድ ስምንተኛው ብቻ የተሸፈነ የውኃ አካል ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን የሚቀረው ስድስት ሳምንት ነው፤ በዚያች ቀን ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ግን ሰባት ስምንተኛው ንጹሕ ውኃ ስለሚታየው ገና ብዙ ጊዜ ያለ ይመስለዋል።

«ሦስት ዓመት በእጥፍ አድገናል» የሚለው መረጃ ታዲያ ስለ ወደፊቱ ምን ይነግራችኋል? ስለ ወሰናችሁ ምንም አይነግራችሁም ብል ማጋነን አይሆንም። ቤልጂየማዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ፍራንሷ ቨርሁልስት እ.ኤ.አ. በ1838 ባቀረበው ቀመር፣ ውስን ሀብት ባለበት ቦታ የሚኖር ሕዝብ መጀመሪያ እየፈጠነ ይበዛል፣ ወደ መካከል ሲደርስ በቁጥር የሚጨምረው እጅግ ይበረታል፣ ከዚያ በኋላ እየዘገየ ሄዶ አካባቢው ሊሸከመው በሚችለው መጠን ላይ ይረጋል። የዚህ መስመር የመጀመሪያ ክፍልና ወሰን የሌለው ዕድገት መስመር በዓይን አይለዩም። 10 ሺህ አባል ላይ የሚቆም ማኅበርና 100 ሺህ ላይ የሚቆም ማኅበር በሦስተኛው ዓመታቸው ተቀራራቢ መዝገብ ይኖራቸዋል። ሌላም ነገር አለ፦ በቁጥር ብዙ አባል የሚገባበት ዓመት፣ ሁሉም ደስ የሚለውና «አሁን ነው ማስፋት» የሚባልበት ዓመት፣ በዚህ ቀመር መሠረት መዘግየቱ ሊጀምር የተቃረበበት ዓመት ነው።

ይህን ስል ግን ቀመሩን እንደ ትንቢት እንዳትወስዱት አሳስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1920 ሬይመንድ ፐርልና ሎዌል ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚሁ ዓይነት መስመር የአሜሪካን ሕዝብ አስልተው ከ197 ሚሊዮን ገደማ አያልፍም ብለው ነበር። መስመሩ ያለፈውን የአንድ ምዕተ ዓመት ቆጠራ በሚያስደንቅ ሁኔታ ይገጥም ነበር። በ2020 ቆጠራ ግን የአገሪቱ ሕዝብ 331 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። ስደቱ፣ የልጆች ቁጥር፣ ሕክምናው፣ እርሻው ሁሉ ስለተለወጠ ጣሪያው ራሱ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ካለፈው ቁጥር ላይ መስመር ስቦ ወደፊት መዘርጋት፣ መስመሩ ወደ ላይ የሚሮጥም ይሁን የሚተኛ፣ ዕቅድ ሊባል አይገባም። ወሰኑን ከመዝገቡ ውጭ፣ ከሥራው አሠራር ውስጥ መፈለግ ግድ ነው።

ወሰንን ስለ መፈለግ ግብርና የሚያስተምረን ብዙ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ኬሚስቶች እንዳሳዩት የአንድ ተክል ዕድገት የሚወሰነው ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ከፍላጎቱ አንጻር እጅግ ባነሰው ነው፤ የተትረፈረፈውን መጨመር ጥቅም የለውም። በሲዳማ ደጋማ አካባቢዎች አፈሩ አሲዳማ በሆነበት ማሳ ይህን ማየት ይቻላል። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ሥሩን ይጎዳል፣ ፎስፎረሱም በአፈሩ ተይዞ ለተክሉ አይደርስም። ገበሬው ማዳበሪያ በእጥፍ ቢጨምርም ምርቱ እምብዛም አይጨምርም፤ ኖራ ሲበተንበት ግን ያው ማዳበሪያ መሥራት ይጀምራል። ኖራው ሲሟላ ደግሞ ወሰኑ ይጠፋል ማለት አይደለም፤ ወደ ናይትሮጅን፣ ወደ ዝናብ ወይም ወደ ዘሩ ዓይነት ይሸጋገራል። የእናንተን ማኅበር ከዚህ አንጻር ስመለከተው፣ ዕቅዱ አባልን የሚቆጥረው አባል ያነሰ መስሎት ነው። በእኔ ግምት ከሁሉ ያነሰው ሌላ ነገር ነው፦ የተበዳሪውን ማንነትና የሥራውን ሁኔታ በሚገባ የሚያውቅ የብድር ኮሚቴ፣ እንዲሁም ሒሳቡን በወቅቱ የሚዘጋ ሠራተኛ። ይህ ካልተሟላ አዲስ አባልና አዲስ ገንዘብ መጨመር በአሲዳማ ማሳ ላይ ማዳበሪያ መበተን ነው።

መጠን ሲጨምር ቅርፅም መለወጥ እንዳለበት ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው ሥራው አብራርቶታል። የአንድ አካል ርዝመት በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ሲሆን የገጽታው ስፋት አራት እጥፍ፣ ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ አጥንት የሚሸከመው በውፍረቱ ስፋት ልክ ስለሆነ የትልቅ እንስሳ አጥንት ከትንሹ በተለየ ሁኔታ መወፈር አለበት። ሚዳቋን አሳድጎ የዝሆን ያህል ማድረግ አይቻልም፤ እግሯ ይሰበራል። ማክስ ክላይበር እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳሳየው ደግሞ አንድ እንስሳ ከሌላው 10,000 ጊዜ ቢከብድ የሚፈጀው ኃይል 1,000 ጊዜ ያህል ብቻ ይበልጣል። ትልቅነት ቁጠባ ያመጣል፤ የእያንዳንዱ ሕዋስ ድርሻ ግን ያንሳል፣ የሕይወቱም ፍጥነት ይዘገያል።

በሰዎች ስብስብ ውስጥ ከክብደት ይልቅ የሚበዛው ግንኙነት ነው። 60 አባላት በነበራችሁ ጊዜ እርስ በርስ ሊተዋወቁ የሚችሉት ጥንዶች ብዛት 1,770 ነበር። ዛሬ አባላቱ ስምንት እጥፍ ሲሆኑ ጥንዶቹ 114,960 ደርሰዋል፤ ይህም 65 እጥፍ ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበር ከባንክ የሚለየው አባል አባልን ስለሚያውቅ፣ ዋስ የሚሆነውም ለሚያውቀው ሰው ስለሆነ ነው። በ60 አባል ዘመን ኮሚቴው ስለ አንድ ተበዳሪ ለመጠየቅ ዘወር ማለት ይበቃው ነበር። በ480 አባል ዘመን ብዙዎቹ ዋሶች ምናልባት ተበዳሪውን የሚያውቁት በስም ነው። በ13,900 አባል ጊዜ ማኅበሩ በሰነድ፣ በመያዣና በሠራተኛ የሚሠራ ሌላ ተቋም ይሆናል። ያም ክፉ ነው አልልም፤ ዕቅዱ ግን ያንን ለውጥ የትም ቦታ ሳይጠቅስ የሚጨምረው የአባልን ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ በሚዳቋ እግር ላይ የዝሆን አካል እያስቀመጠ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የምሰጋው ግን ከወሰን መኖር ይልቅ የወሰን ምልክት ዘግይቶ ከመምጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ኃይል በቤሪንግ ባሕር በሚገኘው የቅዱስ ማቴዎስ ደሴት 29 ሬንዲሮችን፣ ማለትም የሰሜን አጋዘኖችን፣ ለመጠባበቂያ ምግብነት አሰፈረ። አዳኝ አውሬ አልነበረባቸውም፤ ሊከን የሚባለው በዝግታ የሚያድግ የክረምት መኖአቸው ለዘመናት ያልተነካ ነበር። በ1957 ቁጥራቸው 1,350፣ በ1963 ደግሞ 6,000 ደረሰ። ከዚያ በኋላ ከባድ ክረምት መጣ፤ በ1966 የተገኙት 42 ብቻ ነበሩ። እንስሳቱ የበሉት የዓመቱን ትርፍ መኖ ብቻ አልነበረም፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተጠራቀመውን ዋናውን ጭምር እየበሉ ቆይተዋል፤ ዋናው እስኪያልቅ ድረስም ቁጥራቸው መጨመሩን አላቆመም። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ምልክት ታጥቶ አለመሆኑ ነው። በ1957 እና በ1963 መካከል የእንስሳቱ የሰውነት ክብደት በግልጽ ቀንሶ ነበር። የመንጋውን ብዛት ብቻ የቆጠረ ሰው እስከ መጨረሻው ስኬት ያያል፤ አንዱን እንስሳ በሚዛን ላይ ያወጣ ግን አደጋውን ቀድሞ ባወቀ ነበር።

አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ የሚገዛ የሐዋሳ ሰው ይህን በራሱ ሐይቅ ሊያስተውለው ይችላል። ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሒሳብ ዝግ ነው። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በብዛት ሲጠመድና ዓይነ ጠባብ መረብ ሲበዛ፣ ጀልባና መረብ እስከተጨመረ ድረስ ወደ ገበያ የሚመጣው ዓሣ ለጊዜው ላይቀንስ ይችላል፤ የሚቀንሰው የእያንዳንዱ ዓሣ መጠን ነው። ስለዚህ የዓሣ ባለሙያ ከጠቅላላው ክብደት በፊት የዓሣውን ርዝመት ይለካል። በሐይቃችን ላይ ያለው አያያዝ የራሱ ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

በብድር ሥራ ውስጥ ያለው መዘግየት ከዚህ የባሰ አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም ፈጣን ዕድገት ራሱ ችግሩን ይሸፍነዋል። ለምሳሌ ያህል ማኅበሩ በመጀመሪያው ዓመት 1 ሚሊዮን፣ በሁለተኛው 2 ሚሊዮን፣ በሦስተኛው 4 ሚሊዮን ብር አበደረ እንበል። ከእያንዳንዱ ዓመት ብድር 10 በመቶው የማይመለስ ቢሆን፣ አለመመለሱ የሚታወቀው ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ቢሆን፣ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ የሚታወቀው የተበላሸ ብድር 300 ሺህ ብር ብቻ ነው። ይህ ለጠቅላላው 7 ሚሊዮን ብር ሲካፈል 4 በመቶ ገደማ ይሆናል። ኮሚቴው «ውዝፋችን 4 በመቶ ነው» ብሎ ለጉባኤው ሪፖርት ሲያቀርብ አልዋሸም፤ እውነተኛው ኪሳራ ግን 10 በመቶ ነው። ማበደሩ መፍጠኑን ባቆመበት ዓመት፣ የማንም አባል ጠባይ ሳይለወጥ፣ መቶኛው ወደ 10 መውጣት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ሁሉም «ዕድገታችን ስለቆመ ታመምን» ይላል። «ያላደገ ይሞታል» የሚለው እምነት ብዙውን ጊዜ የሚወለደው ከዚህ ዓይነት መዝገብ ይመስለኛል። ሕመሙ በዕድገቱ ዘመን የገባ ነው፤ የዕድገቱ መቆም ገለጠው እንጂ አላመጣውም።

የሰው ኅብረተሰብ ከሬንዲር መንጋ የሚለይበትን ነገርም መካድ አይገባም፤ ሰው ወሰኑን ማንቀሳቀስ ይችላል። ቶማስ ማልተስ እ.ኤ.አ. በ1798 የሕዝብ ብዛት ከምግብ ምርት እንደሚቀድም ሲጽፍ የዓለም ሕዝብ 1 ቢሊዮን አልሞላም ነበር፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. 8 ቢሊዮን ደርሷል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በኋላ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ማዳበሪያ ማድረግ መቻሉ ብቻውን ከዛሬው የዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉን እንደሚመግብ ይገመታል። የሕዝብ ዕድገትም ሰው ስለተራበ አልዘገየም። በዓመት 2 በመቶ ገደማ ደርሶ የነበረው የዓለም ዕድገት ዛሬ ከ1 በመቶ በታች የወረደው በአብዛኛው የሕፃናት ሞት ስለቀነሰ፣ ሴቶች ስለተማሩና ቤተሰብ ጥቂት ልጆች መውለድን ስለመረጠ ነው። መዘግየቱ ግን እዚህም አለ። በኢትዮጵያ አንዲት እናት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች ቁጥር በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 5.5 በ2008 ዓ.ም. ወደ 4.6 ወርዷል፤ ሆኖም ቀደም ሲል የተወለዱት ብዙ ወጣቶች ገና ለመውለድ ስለሚደርሱ የሕዝቡ ቁጥር ለብዙ ዓመታት መጨመሩን ይቀጥላል።

የከተማችን ዕድገትም ከእናንተ ዕቅድ ጋር ይያያዛል። ሐዋሳ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 69 ሺህ ያህል፣ በ1999 ደግሞ 157 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት፤ ይህም በዓመት በአማካይ 6 ተኩል በመቶ ገደማ ነው። እንዲህ ያለው ፍጥነት ከውልደት ብቻ አይገኝም፤ ብዙው ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሰው ነው። የአባሎቻችሁ ቁጥር መጨመርም እንዲሁ ከየት እንደመጣ ለይታችሁ ማወቅ አለባችሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም በአንድ ሰፈር ያሉ ሰዎች ተከታትለው ገብተው ከሆነ ያ ምንጭ አንድ ቀን ይደርቃል። በብር የሚለካውንም ዕድገት አጣሩት፤ ባለፉት ዓመታት የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ ያለፈበት ጊዜ ነበር። ቁጠባችሁ በ40 በመቶ ሲያድግ ዋጋ በ30 በመቶ ከጨመረ፣ እውነተኛው ዕድገት 8 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ከመተለቅ ውጭ ሌላ የዕድገት መንገድ እንዳለ ደግሞ አገራችን ከሌሎች በተሻለ ታውቃለች። ዕድር በጣም ሲበዛ ይከፈላል። ሥራው ለቅሶ መድረስ፣ ድንኳን መትከል፣ ሐዘንተኛን ማስተዛዘን ስለሆነ፣ አባል አባልን ከማያውቅበት መጠን ካለፈ ዕድርነቱ ይቀራል፤ ሰውም ይህን ያለ ቀመር ያውቀዋል። አገልግሎቱ በመላ አገሪቱ የተስፋፋው አንድ ግዙፍ ዕድር ስለተፈጠረ አይደለም። የንብ ቤተሰብም ቀፎው ሲጠበው ይከፈልና ግማሹ አዲስ ቤት ይፈልጋል። የሲዳማን የእንሰት ጓሮ ደግሞ ተመልከቱ፦ አንድ እንሰት ለመድረስ እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከፍታ ከ4 እስከ 7 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ አንድ ጊዜ አብቦም ይሞታል። ስለዚህ ገበሬው ልዩ ልዩ ዕድሜ ያላቸውን ተክሎች ጎን ለጎን ይይዛል፣ ችግኙን ደረጃ በደረጃ ያዛውራል፣ በየዓመቱም የደረሰውን ይፍቃል። የጓሮው ስፋት ከአባት ወደ ልጅ ላይጨምር ይችላል፤ ቤተሰቡ ግን ከእርሱ እየበላ ይኖራል። አንድ ገንዘብ አበዳሪ ማኅበር ከዚህ የሚወስደው ነገር አለ፤ የብድሩ መመለሻ ጊዜ ተሰባጥሮ በየወሩ የተመጣጠነ ገንዘብ እንዲገባ ማድረግ አባል ከማብዛት የሚበልጥ ጤንነት ይሰጠዋል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የ40 በመቶውን የአሥር ዓመት ዕቅድ ጉባኤው አያጽድቀው። በምትኩ የሦስት ዓመት ዕቅድ ይውጣ፤ የመጀመሪያው ዓመት አዲስ አባል መቀበል በጥቂቱ ተወስኖ የውስጥ አሠራር የሚጠናከርበት ይሁን። በዚያ ዓመት ሁሉም ብድሮች በተሰጡበት ዓመት ተለይተው ይመደቡና የየዓመቱ ብድር ምን ያህል እንደተመለሰ ለብቻው ይሰላ፤ የቁጥጥር ኮሚቴው ከጠቅላላው መቶኛ ይልቅ ይህን ሠንጠረዥ ይመን። ከሁለተኛው ዓመት ብድር ያልተመለሰው በመቶኛ ሲሰላ ከመጀመሪያው ዓመት በልጦ ከተገኘ፣ ኮሚቴው ተበዳሪን የማወቅ አቅሙ ከአባሉ ብዛት ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነውና ምዝገባው ለጊዜው ይቁም። የአንድ አባል አማካይ የወር ቁጠባ፣ ከዋጋ ንረት ጋር ተነጻጽሮ፣ በየሩብ ዓመቱ ይታይ፤ የሬንዲሮቹን ክብደት የሚተካላችሁ እርሱ ነው።

አባላት ማኅበሩ እንዲሰፋ አጥብቀው ከፈለጉ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ሠራተኛ ቀጥሮ፣ የመያዣና የሰነድ አሠራር ዘርግቶ፣ በዋስትናና በመተዋወቅ ላይ የቆመውን ባሕርይ እያወቁ መተው ነው። ሁለተኛው አባላቱ በሰፈር ወይም በሥራ ቦታ ተሰባስበው ሌላ መሠረታዊ ማኅበር እንዲያቋቁሙ መርዳትና ሁለቱም በዩኒየን፣ ማለትም በማኅበራት ኅብረት፣ ሥር እንዲተባበሩ ማድረግ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ስለማይወድቅ፣ አባልም ዋስ የሚሆንለትን ሰው ማወቁ ስለማይቀር ነው። የስልክ ገንዘብ ዝውውር፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቴሌብርን ጨምሮ፣ መዋጮ የመሰብሰብን ድካም ያቃልላል፤ ተበዳሪውን ማን እንደሆነ ማወቅን ግን አይተካም። ስለዚህ በእርሱ ምክንያት የአባላቱን ጣሪያ ከፍ አታድርጉት።

አንድ ገደብ ልጨምር። እዚህ የጻፍኩት ዕድገት እንዴት እንደሚሠራ ከሚያጠና ሰው አንጻር ነው፤ የሒሳብ መዝገባችሁን አላየሁም። ለምሳሌ የወሰድኩት የ10 በመቶ ኪሳራም የእናንተ ቁጥር አይደለም፤ ከዚያ ያነሰም የበለጠም ሊሆን ይችላል። ማኅበሩን የመክፈልና የዕጣ ድርሻን የማዛወር ጉዳይ ሕጋዊ ሥርዓት ስላለው፣ ጉባኤው ከመወሰኑ በፊት የሚመለከተውን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ አነጋግሩ፤ የብድሩን ሠንጠረዥ ግን ለማንም ሳትጠብቁ፣ ዕቅዱ ለጉባኤው ከመቅረቡ በፊት ሥሩት።